ካዛንቺስ ስንል ምን ማለታችን ነበር

ከሁሉ አስቀድመን የሠፈራችንን ስም እናንሣ። ካዛንቺስ የሚለው ቃል የአማርኛ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከየት መጣ ብለው ልጆቻችን ሲጠይቁን ግን መልስ የምንሰጠው ጥቂቶች ነን። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የተባለ ድርጅት ነበረው። «ካዘ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጠላት ሄደ፣ ቤቶቹ ቀሩ፣ ስሙም በሕዝቡ አፍ ሲንከባለል ካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ ሠፈሩ ከመነሻው የጸሐፊዎች ሠፈር ነበር ማለት ነው፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስነው እኛ በዚህ ትንሽ ደስ ይለናል።

እኛ ነፍስ ባወቅንበት በ1950ዎቹ ዓመታት ቪላዎቹ ከፊት ሆነው ከኋላቸው ጭቃ ቤት ሞልቶ ነበር። በአንድ አጥር ውስጥ የሹሙ ቪላም፣ የዘበኛው ቤትም፣ የጠላ ሻጯም ቤት ይገኛል። ጠላ ቤቱ በረጅም እንጨት ላይ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል፤ ሰሌዳ ምን ያደርጋል! ውኃ የምንቀዳው ከቦኖ ሲሆን፣ ወረፋው በባልዲና በእንስራ ስለሚያዝ እናቶቻችን የሠፈሩን ወሬ እዚያው ይጨርሱት ነበር። እኛም በካልሲ ኳስ፣ በብይና በቆርኪ ቀኑን እናመሸዋለን።

በአካባቢያችን ትልልቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948፣ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ቆሙ። በግንቦት 1955 የአፍሪካ መሪዎች በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመንገድ ዳር ቆመን ማጨብጨብ የኛ የልጆቹ ሥራ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ሲመጡ እግራችን እስኪዝል ቆመናል፤ ያየነው ግን የመኪናውን ጣራ ብቻ ነው።

እድራችን የቆመው በዚሁ በቪላውና በጭቃ ቤቱ መካከል ነው። እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው ከጣልያን ዘመን ወዲህ እንደሆነ ይነገራል። ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ አጠገቡ የሌለው ሰው የሚቀብረው ጎረቤቱ ነውና፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ መንዜው፣ ትግሬው በአንድ መዝገብ ተጻፈ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊያችን ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ይነፋና የሟቹን ስም፣ ቀብሩም በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋል። እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን ስሙ እስኪጠራ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል! አባቶች ድንኳን ሊተክሉ፣ እናቶች ንፍሮ ሊቀቅሉ ይወጣሉ፤ አግዳሚ ወንበር መሸከም ለኛ ነው። ከኡራኤል ቀብር በኋላ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። አንድ የታወቁ ሹም በራሳቸው ፈንታ ሹፌራቸውን ቢልኩ፣ ዳኛው «ሹፌር የሚቀብረው የራሱን እድርተኛ ነው» ብለው ቅጣቱን አስከፍለዋቸዋል። ሹሙም ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ። ኪራይ ስለቀነሰ ተከራዩ እሰየው አለ፤ ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆች የምታሳድገው ባልቴት አለቀሰች። ሁለቱም የአንድ እድር ሰዎች ስለነበሩ በለቅሶ ቤት ጎን ለጎን መቀመጣቸው አልቀረም። ዳሩ ግን ቤቶቹን ከልብ የሚያድስ ባለቤት ጠፋ። ጣራው ሲያፈስ ላስቲክ ይለበሳል፣ ግድግዳው ሲዘም በእንጨት ይደገፋል፤ ሠፈራችን ያረጀው በዕድሜ ብቻ አልነበረም።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ጡሩምባው ዝም አለ። ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች ማልቀስ ተከለከሉ፤ እናቶች በር ዘግተው፣ ነጠላ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። የዚያን ዘመን መዝገብ ያገላበጠ ሰው፣ ልጁን አጥቶ መዋጮውን ሳያቋርጥ የከፈለ ቤት ያገኛል፤ በቀብር ዓምድ ግን ምንም አልተጻፈለትም። እድሩ ያልቀበራቸው የገዛ ልጆቹ እነዚህ ናቸው።

ማፍረሱ በ1990ዎቹ በአፍሪካ አዳራሽ ወገን ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ቀሪው ሰፊ ክፍል ፈርሶ ብዙው ጎረቤታችን ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ለብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት የነበረበትን ዘመን የምናውቅ ሰዎች አዲስ ቤት አንንቅም፤ አሮጌው ይመለስ አንልምም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከአባላት ወገን «ተበትነናል፣ ያለውን ገንዘብ ተካፍለን እድሩ ይፍረስ» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል።

እኛ በዚህ አንስማማም። አርባ ዓመት ሙሉ የከፈለች እናት ድርሻዋን ተቀብላ ወደ አዲስ እድር ብትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው የመግቢያ ክፍያ ነው። የጡረታ አበል ያንን አይችልም። ከዚያስ ማን ያውቃታል? ይልቁንስ ከሁለቱ ድንኳኖች አንዱ፣ ከድስቱና ከወንበሩም እኩሌታው ገላን ጉራ ይቀመጥ፤ ለቀብር ቀን የአውቶቡስ ኪራይ ከመጠባበቂያው ይውጣ። ከሩቅ ለሚመጣ ቅጣቱ ይነሣለት፤ በቅርብ ላለው ግን እንደ ጥንቱ ይጥና።

በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጠው በዚህ ላይ ስለሆነ ሁላችሁም እንድትገኙ ይሁን። ስልክ የለወጣችሁም ከዚያ በፊት ለጸሐፊው አስታውቁ፤ በመዝገቡ «የቤት ቁጥር» የሚለው ዓምድ አሁን የስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ሆኗል።