ያደገች ልጅና የእናቷ ሳቅ፦ ከቦሌ እስከ አያት የተደረገ ታሪካዊ ቅኝት

ከመስቀል አደባባይ በቦሌ መንገድ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከመገናኛም በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አያት ድረስ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የማይቀር አንድ ወሬ አለ። አቦሉ ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ቶናው ላይ ስለ ጎረቤት ሠርግ ይወራል። በረካው ላይ ግን አንዷ እናት ስላደገች ሴት ልጇ ትጀምራለች። "ባንኩ አምኖ የካዝናውን ቁልፍ ሰጥቷታል፤ እኔ ግን ሽንኩርቱን ታሳርረዋለች ብዬ ከአጠገቧ አልርቅም።" ሌላዋ ትቀበላለች፦ "የእኔዋ ደግሞ ዝም ያለችኝ ሆዴ ውስጥ ሳለች ብቻ ነው።" ሦስተኛዋ የምሳ ዕቃዎቿን ትቆጥራለች፤ ዶሮ ወጥ ተሞልተው ወደ ልጇ ቤት ከሄዱት አንዱም ተመልሶ አያውቅም። ሁሉም ይስቃሉ፤ ስቀው ሲያበቁም "ብቻ ዕድሜ ይስጥልኝ" ይላሉ።

ይህን ሳቅ አቅልሎ ማየት አይገባም። እናት ባደገች ልጇ ለመሳቅ አስቀድሞ ልጅቷ ማደግ አለባት፤ አድጋም እናቷ ዐይኗን ከምታይበት፣ ካልሆነም ድምፅዋን ከምትሰማበት ቦታ መኖር አለባት። ባለፉት መቶ ዓመታት ይህ ለብዙ የአዲስ አበባ እናቶች አልተሰጣቸውም። በየትውልዱ ሴት ልጅን ከእናቷ የሚነጥል ነገር አልታጣም፤ አንዴ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ አንዴ ጦርነት፣ አንዴ ሽብር፣ አንዴ እንጀራ ፍለጋ። የበረካው ሳቅ በብዙ ዋጋ የተገኘ ነው፤ የከተማይቱን ሴቶች ታሪክም በእሱ በኩል ማየት ይቻላል።

ሰፈሩ ማሳ በነበረበት ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ቤታቸውን ያሠሩት ፍልውሃ አጠገብ ነበር። ዛሬ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሰሚት የምንላቸው ቦታዎች ያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ገበሬ የሚያርስባቸው፣ ከብት የሚሰማራባቸው ሜዳዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሴት ልጅ የምትታጨው ገና ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወት ነው። እናት ልጇን ድራ ከሸኘች በኋላ የምታገኛት ለክርስትና፣ ለሠርግና ለለቅሶ ነበር። ልጅቷ ምን እንደሚያስቃት፣ በምን እንደምትከራከር፣ ስትቆጣ ምን እንደምትሆን አማቶቿ ከእናቷ ይልቅ ያውቁ ነበር።

እናት ከሩቅ ሆና የምትጨነቀው ስለ ልጇ ሙያ ነበር። "እናቷን አይተህ ልጇን አግባ" በሚባልበት አገር ወጡ ቢቀጥን፣ እንጀራው ዐይን ባይኖረው፣ ስሟ የሚነሳው ልጅቷ ብቻ አይደለችም፤ ያሳደገቻትም ናት። ያረረ ሽንኩርት ያን ጊዜ የሽማግሌ ጉዳይ ሊሆን ይችል ነበር እንጂ ለጨዋታ የሚበቃ ነገር አልነበረም። በዛሬዋ የባንክ ሠራተኛ ድስት መሳቅ የተቻለው የልጅቷ ክብር በድስቱ መመዘኑ ስለቀረ ነው።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከልማዱ ብዙ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎ፣ ባልንም የቤተሰቡ ራስ ብሎ ነበር። ዕድሜውን ለሴትም ለወንድም 18 ያደረገው፣ ባልና ሚስትንም በቤታቸው እኩል ያስቀመጠው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በሁለቱ ሕጎች መካከል 40 ዓመት አለ።

በሩን ቀድሞ የከፈተው ትምህርት ነው። እቴጌ መነን አስፋው በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1920ዎቹ ሲያቋቁሙ፣ ሴት ልጅን ለፊደል ብሎ ከቤት ማውጣት ለብዙ ወላጅ ከባድ ነበር። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ይህን ትምህርት ቤት የመሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ በ1950 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ አገር አቀፍ ምርጫ ተወዳድረው የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ፀሐይም ከወላጆቻቸው ጋር በእንግሊዝ በስደት ሳሉ፣ ለንደን ውስጥ በታወቀው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ነገር ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ትዳር በያዙበት ዓመት ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ፤ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ በጦር ኃይሎች አካባቢ አለ። በየቀኑ ከአያት ተነስቶ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው ባቡር የመጨረሻ ፌርማታው ያ ሰፈር ነው። እቴጌይቱ ዘውድ ቢደፉም፣ ልጃቸው አርጅታ ለማየትና በእሷ ለመቀለድ አልታደሉም።

ጄቱ ሲመጣ

የምሥራቁን አዲስ አበባ ከማሳነት ያወጣው አውሮፕላን ነው። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጀመሪያ የሚነሳው ከልደታ ነበር። የጄት ዘመን ሲደርስ የልደታ ሜዳ ስላልበቃ በቦሌ ሰፊ ማኮብኮቢያ ተሠራና በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ ጄቶች ገቡ። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የየአገሩ መሪዎች የገቡት በዚሁ በር ነው። መንገዱ ሰፋ፤ ቪላዎች በዙ።

እናቶችም አዲስ ዐይነት ልጅ አዩ። ዩኒፎርም ለብሳ፣ ፀጉሯን ሰብስባ፣ ጠዋት ቤት ውላ ማታ ካይሮ ወይም አቴንስ የምታድር አስተናጋጅ። ለልጇ ስንቅ መቋጠር የለመደች እናት፣ ልጇ ሰማይ ላይ ለሰው ምግብ እንደምታቀርብ ስትሰማ ግራ ተጋባች። "ቤት ውስጥ ውኃ አቅርቢ ሲሏት የምትለግም ልጅ፣ ለፈረንጅ ደመና ላይ ታስተናግዳለች" የሚለው ወግ የዚያ ዘመን ነው። ከወጉ ጀርባ ግን ስለት አለ። ልጅ በረራ ላይ ባለች ቁጥር ኡራኤል ወይም መድኃኔ ዓለም ደጅ ጧፍ የምታበራ እናት አለች።

ዘመቻ፣ ፊደልና ሐዘን

አብዮቱ ሴት ልጅን ከእናቷ ደጅ በሌላ መንገድ አወጣት። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። እስከ ጎረቤት ሱቅ ብቻዋን ያልተላከች ልጅ ካኪ ለብሳ ስሙን ወደማታውቀው ወረዳ ሄደች። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው እናትና ልጅን ቦታ አለዋወጠ። በየቀበሌው እናቶች በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቻቸው ጠመኔ ይዘው ቆሙ። ብዙ እናት ስሟን መጻፍ የተማረችው ከራሷ ልጅ ነው። "ጡት ሳስጥላት እንኳ እንዲህ አልተቆጣኋትም፤ 'ሸ'ን ገልብጬ ብጽፍ ጮኸችብኝ" ብላ የምትስቅ አሮጊት ዛሬም አለች። የመጀመሪያ ደብዳቤዋን የጻፈችው ግን በዚያ ጩኸት በተማረችው ፊደል ነው።

በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል የከተማይቱ እናቶች የማይረሱት ሐዘን አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ተገደሉ። ልጇ ከቤት ከወጣች በኋላ ያልተመለሰችላት እናት፣ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ የተከለከለችበት ጊዜ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የቆመው መስቀል አደባባይ ላይ፣ የቦሌ መንገድ ከሚጀምርበት ነው። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፎቶግራፎች የልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ እናቶቻቸው ሊቀልዱባቸው ከሚችሉበት ዕድሜ ሳይደርሱ የቀሩ ናቸው። የምሥራቁን የቡና ሳቅ መረዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እዚህ ሙዚየም ይግባ።

ሻንጣና ሚዛን

በደርግ ጊዜ ከአገር መውጣት በመንግሥት ፈቃድ ብቻ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ሲከፈት ቦሌ የመለያያ ቦታ ሆነ። ጥር 1995 ዓ.ም. አዲሱ ተርሚናል ተመረቀ፤ ጥር 2011 ዓ.ም. ማስፋፊያው ያለቀው በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ የማስተናገድ ዐቅም ይዞ ነው። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል የዳይቨርሲቲ ሎተሪ የደረሳት፣ ለትምህርት የምትሄድ፣ ወደ ቤሩትና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የምትጓዝ ሴት ልጅ አለች።

በዚህ ሰፈር የእናት ፍቅር በኪሎ የሚመዘነው በዚያ አዳራሽ ነው። ወደ አሜሪካ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ሚዛኑ ሲያልፍ ልጅቷ "ማሚ፣ ሽሮው ይቀነስ" ትላለች፤ እናት "ጫማሽ ይቀነስ" ትላለች። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹና ዳቦ ቆሎው በመጨረሻ ይሄዳል፤ ጫማው በኋላ በሌላ ሰው እጅ ይላካል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ጉዞው ይገለበጣል። ልጅቷ ስትወልድ እናት ለማረስ ትጠራለች። ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ ደርሳ ገንፎ ስታገነፋ፣ በቅቤው ጭስ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ልጅቷ ሕፃን ታቅፋ በፎጣ ታራግባለች። እናት ተመልሳ ስታወራው ለወር የሚሆን ጨዋታ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ የምታውቃትን ልጅ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ተበሳጭታ፣ ራሷ እናት ሆና አይታ መጥታለችና።

የዓረብ አገሩ ጉዞ ግን ለብዙዎች የተለየ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ በቦሌ ያረፉት አውሮፕላኖች ሴቶችንም ወንዶችንም፣ የታመሙትንም ባዶ እጃቸውን የወጡትንም አመጡ። ለእነዚያ እናቶች ልጅ በሕይወት መድረሷ ብቻ በቂ ነበር፤ ሳቁ ከዓመታት በኋላ መጣ፣ ለአንዳንዶቹም ከናካቴው አልመጣም።

ፎቁ፣ ባቡሩና ካፒቴኗ

በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ከተማዋን አጥለቀለቀ። ቤቶቹ ከሚታደሉበት ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተመድቦ ስለነበር፣ ብዙ ሴት ልጅ በእናቷ የዘር ሐረግ ውስጥ በስሟ ቤት ያላት የመጀመሪያዋ ሆነች። ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ በባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ተሞሉ፤ ሊፍት የላቸውም። "ታቦት ለመሳለም አንድ ደረጃ፣ ልጄን ለማየት አራት ፎቅ" ትላለች እናት፣ በረንዳው ላይ ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች። ቁልፉ የልጇ መሆኑን ግን ለአላፊ አግዳሚው ሳትናገር አትወርድም። ልጅቷ ሠላሳ ዓመት ሞልቷት ሳታገባ ብትቀር እናት "እኔ በአንቺ ዕድሜ ሦስት ወልጄ ነበር" ትላለች። ብዙ እናቶች ይህን ካሉ በኋላ ዝም ብለው ያስባሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሦስት ልጅ እንጂ በስማቸው አንድ ክፍል አልነበራቸውም።

2008 ዓ.ም. ለምሥራቁ ሰፈር ልዩ ዓመት ነበር። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ከቦሌ ወደ ባንኮክ አንድ አውሮፕላን በረረ፤ አብራሪዎቹም፣ አስተናጋጆቹም፣ ምድር ላይ ያዘጋጁትም ሴቶች ነበሩ። መሪዋ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ናቸው፤ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመሆን የበቁ። ዛሬ በቦሌ ዙሪያ በሚገኙ ቤቶች "የእኔዋ የአውሮፕላን ሞተር ፈትታ ትገጥማለች፤ የእኔን ቡታጋዝ ግን ሠራተኛ ጥሪ ትለኛለች" የሚል እናት ቢገኝ ማንም አይደነቅም።

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ የመሠረተ ትምህርቱ ዘመን የተመለሰ ይመስላል። ልጅቷ ቆማ ታስተምራለች፤ እናት መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ትነካካለች፤ ልጅቷ ትቆጣለች። ልዩነቱ ዛሬ እናትም መልስ መስጠቷ ነው።

ገና ያልሳቁ እናቶች

ይህ ሁሉ ግን ለሁሉም እናት አልደረሰም። በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ። አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው ይኖራሉ። እናቶቻቸው በሩቅ ቀበሌ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው "በላሽ?" ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቷ ሳትበላም "በላሁ" ትላለች። አየር ማረፊያው፣ ኮንዶሚኒየሙና ፓርኩ ሲስፋፉ መሬታቸውን የለቀቁ የገበሬ እናቶችም አሉ፤ ልጆቻቸው ባደጉበት ማሳ ላይ ዛሬ የሚኖረው ሌላ ሰው ነው። የእነዚህ ሴቶች ልጆች ደመወዝ ለኪራይና ለምግብ ካልበቃ፣ ሌሊት ከሥራ ሲወጡ መንገዳቸው ደኅና ካልሆነ፣ የምሥራቁ ብልጽግና ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር መደረግ አለበት ብዬ አምናለሁ። የታሪክ ተማሪዎች መቅረጫቸውን ይዘው ወደ እነዚህ ቡና የሚፈላባቸው ቤቶች ይሂዱ፤ ዘመቻውን፣ ዕጣውን፣ ሻንጣውንና ጩኸት ያለበትን የፊደል ትምህርት ከእናቶች አንደበት ይመዝግቡ፤ ባለታሪኮቹ ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና። ከተማዋን የሚያስተዳድሩትም የአንድን ሰፈር ዕድገት ሲለኩ፣ ከፎቁ ብዛትና ከመንገዱ ስፋት ጋር ይህንንም ይጠይቁ፦ ስንት እናት ልጇን አሳድጋ፣ ራሷን ችላ አይታ፣ ሳትሰጋ ልትቀልድባት በቃች? ቁጥሩ በጨመረ መጠን ከተማይቱ በእውነት አድጋለች።