ስለ አንዲት አሮጌ የእሳት ባቡርና ስለ ወዳጆቿ

ሰው የሚጠቅመውን ነገር ቢጠብቅ አያስደንቅም፤ ገበሬ በሬውን፥ ነጋዴ በቅሎውን፥ ጸሐፊ ብርዑን ይጠብቃል። የሚያስደንቀውስ ጥቅሙ ካለፈ በኋላ በፍቅር የሚጠበቀው ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር አንዲት የእሳት ባቡር መኪና አለች፤ ከሥራ ከተሰናበተች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። ነገር ግን አንድ ሰው ሀብቱን ሁሉ አጠፋባት፤ ሌላው ከባሕር ማዶ አስመለሳት፤ በመጨረሻም ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ የአገር ቅርስ አደረጋት። የዚህችን መኪና ታሪክ በአጭሩ ልናወራ፥ ይህ ሁሉ ፍቅር ስለ ምን እንደ ሆነም ልንመረምር አሰብን። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። ባቡር የምንለው ስም ራሱ የእንፋሎት ስም ነው፤ ኢጣሊያውያን ቫፖሬ፥ ፈረንሳውያንም ቫፐር የሚሉት ቃል በዐረቦች አፍ ባቡር ተብሎ ወደ እኛ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ በናፍጣም ሆነ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሄደውን ሁሉ ባቡር ስንለው፥ ሳናውቀው የጥንቱን የእሳትና የውሃ መኪና እናስታውሳለን። ነገሩ ሲያልፍ ስሙ ቀርቷል ማለት ነው።

መኪናዪቱ በፌብሩዋሪ ወር 1923 ዓ.ም. በዶንካስተር ከተማ ካለው የባቡር መሥሪያ ወጣች። ዐቅዷን ያወጣው ናይጅል ግሬዝሊ የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ ነው። የተሠራችበት ዋጋ 7,944 ፓውንድ ነበረ። ከከሰልና ከውሃ ጋሪዋ ጋራ ርዝመቷ 21 ሜትር ያህል ነው፤ የሚነዱትም መንኰራኵሮቿ ከ2 ሜትር ይበልጣሉ፤ ረጅም ሰው ከጎናቸው ቢቆም ይሸፍኑታል። በመጀመሪያ 1472 የሚል ቍጥር እንጂ ስም አልነበራትም። በ1924 ግን በዌምብሊ የእንግሊዝ መንግሥት ግዛቶች ታላቅ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ በዚያ ትታይ ዘንድ ተመረጠች፤ ቍጥሯም 4472 ሆነ፥ ፍላይንግ ስኮትስማን የሚል ስምም ተሰጣት፤ ትርጓሜው በራሪው የስኮትላንድ ሰው ማለት ነው። ይህ ስም ቀድሞ በየቀኑ ከጧቱ በ4 ሰዓት ከሎንዶን ወደ ኤድንቡርግ፥ ከኤድንቡርግም ወደ ሎንዶን ይነሣ የነበረው የፈጣኑ ባቡር ስም ነው። ስሟ የወንድ ሲሆን ወዳጆቿ ግን እንደ ሴት ይጠሯታል፤ እኛም እነርሱን ተከትለናል።

ወደ ኤግዚቢሽኑ ከመጡት ሕፃናት አንዱ አለን ፔግለር የተባለ የ4 ዓመት ልጅ ነበረ። ያን ጊዜ ያያትን አልረሳትም፤ ይህን ልጅ ወደ ኋላ እንደ ገና እናገኘዋለን።

ስሟ በዓለም የተሰማው በሁለት ሥራ ነው። መጀመሪያው በሜይ 1 ቀን 1928 የሆነው ነው። በዚያ ቀን ከሎንዶን እስከ ኤድንቡርግ 631 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ8 ሰዓት ያህል አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆም ሄደች። አንባቢ ሆይ፥ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል፤ ነጂውና እሳት አንዳጁ ሰዎች ናቸውና ይደክማሉ፥ ውሃውም ያልቃል። ለድካሙ የተገኘው መድኀኒት ይህ ነው፤ በከሰሉ ጋሪ ጎን 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠባብ መተላለፊያ ተሠራ፤ ሁለተኛው ነጂና ሁለተኛው አንዳጅ በሠረገላው ውስጥ ዐርፈው ቆይተው፥ ከእኩሌታው መንገድ ላይ የዮርክን ከተማ ዐልፈው ሳሉ፥ ጎንበስ ብለው በዚያ መተላለፊያ ገብተው ሥራውን ተቀበሉ። ለውሃውም በሁለቱ ሐዲድ መካከል ረጅም ገንዳ ተዘርግቶ ነበረ፤ መኪናዪቱ ስትሮጥ ከሆዷ በታች መቅጃ ዝቅ ተደርጎ ውሃውን እየዛቀ ወደ ጋሪው ያስገባው ነበር።

ሁለተኛውም በኖቬምበር 30 ቀን 1934 ከሊድስ ወደ ሎንዶን ስትመለስ ያደረገችው ነው። ነጂው ዊልያም ስፓርሻት በቍልቍለቱ ላይ ለቀቃት፤ ፍጥነትን የሚመዝነውም ሠረገላ ከኋላዋ ተቀጥሎ ነበርና በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር፥ ይኸውም በእንግሊዞች ልክ 100 ማይል፥ መድረሷን ጻፈ። ከዚያ በፊትም በ1904 ሌላ መኪና ይህን ፍጥነት ደርሳለች የሚል ወሬ ነበረ፤ ነገር ግን በታመነ መሣሪያ የተመሰከረለት የመጀመሪያው ይህ ነው። ከአራት ዓመት በኋላም ማላርድ የተባለችው የዚያው የግሬዝሊ መኪና በ203 ኪሎ ሜትር በለጠቻት።

ከዚህ በኋላ የጦርነት ዘመን መጣ፤ አረንጓዴው ቀለሟ በጥቁር ተሸፈነ፥ እንደ እኅቶቿም ያለ ክብር ታገለግል ጀመር። በ1948 የእንግሊዝ ባቡሮች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፤ በ1955ም እንፋሎት ቀርቶ በናፍጣና በኤሌክትሪክ እንዲተካ ዐዋጅ ወጣ። በዚህ ጊዜ በየጣቢያው ደብተርና እርሳስ ይዘው የመኪናዎችን ቍጥር የሚጽፉ ልጆች ነበሩ፤ ቍጥሮቹን የሚዘረዝሩ ትንንሽ መጻሕፍትም ከ1942 ጀምሮ ይታተሙላቸው ነበር። እነዚያ ልጆች የሚወዷቸው መኪናዎች አንድ በአንድ ወደ ብረት ቈራጮች ሲሄዱ እያዩ ዐደጉ። ትዝታቸው እስከ ሽምግልና ያልለቀቃቸው ስለዚህ ይመስለናል፤ ሰው ሲጠፋ ያየውን ነገር አይረሳምና።

በጃንዋሪ 14 ቀን 1963 የእርሷም ተራ ደረሰ። እስከዚያ ቀን ከ3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ ነበር። ሊቈርጧት ሲሉ ግን ያ የዌምብሊ ሕፃን፥ አሁን ዐዋቂና ባለጠጋ የሆነው አለን ፔግለር፥ 3,000 ፓውንድ ከፍሎ ገዛት። አድሶም በቀድሞ ቀለሟ አሳመራት፤ በ1968 መንግሥት የእንፋሎትን ባቡር ከሐዲዱ ጨርሶ ሲከለክል እንኳ እርሷ በውል እንድትሄድ ተፈቀደላት። በ1969 ወደ አሜሪካ ወሰዳት። በዚያ ሕዝቡ ቢደነቅባትም ገንዘቡ ግን አልበቃም፤ ዕዳው በዝቶ በ1972 ፔግለር ከሰረ። ወደ አገሩም የተመለሰው በመርከብ ላይ ለመንገደኞች ስለ ባቡር ንግግር እያደረገ፥ በዚያ ሥራ የመሳፈሪያውን ዋጋ ችሎ ነው። መኪናዪቱ በካሊፎርንያ በባዕድ መጋዘን ቀረች።

ቀጥሎ ዊልያም ማካልፓይን የተባለ ባለጠጋ በ1973 በ25,000 ፓውንድ ገዝቶ በፓናማ ቦይ አሳልፎ አስመጣት፤ ከሊቨርፑል ወደብ ስትወጣ ሊያያት የመጣው ሕዝብ በሐዲዱ ዳርና ዳር ተሰልፎ ነበር። በ1988 ወደ አውስትራልያ ተጓዘች፤ በዚያም በኦገስት 8 ቀን 1989 ሳትቆም 679 ኪሎ ሜትር ሄዳ፥ የእንፋሎት ባቡር ሳይቆም ከሄደው ሁሉ የበለጠውን አስመዘገበች። በ1996 ደግሞ ሌላ ባለቤት በሚሊዮን በሚቈጠር ገንዘብ ገዛት፤ እርሱም እንደ ፔግለር በዕዳ ተያዘ። በመጨረሻ በ2004 የአገሪቱ የባቡር ቤተ መዘክር፥ ከቅርስ መጠበቂያው ገንዘብና ከሕዝቡ መዋጮ ጋራ፥ በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰዳት። እድሳቷም ከ2006 እስከ 2016 ዐሥር ዓመት ፈጅቶ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ጨረሰ።

በዚህ ነገር የሚከራከሩ አሉ። አንዳንዶች፦ በ7,944 ፓውንድ ለተሠራች መኪና ይህን ያህል ሚሊዮን ማፍሰስ ከንቱ ነው ይላሉ። ሌሎችም፦ ማፍያዋ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፥ ብረቷም በየጊዜው በአዲስ ተተክቷል፤ በ1923 ከነበረው የቀረው ጥቂት ነው፤ እንግዲህ የምትወዱት የትኛዋን ነው? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም።

እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ብራናው ሲያረጅ በአዲስ ብራና ይገለበጣል፤ ቈዳውም ቀለሙም አዲስ ሲሆን መጽሐፉ ያው ነው እንላለን፤ ንባቡና ትርጓሜው አልተለወጠምና። የዚህችም መኪና ንባቧ አሠራሯ ነው። ሦስቱ ሲሊንደሮቿ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ስድስት ጊዜ ይተነፍሳሉ፤ ወዳጆቿም ሳያዩዋት በዚህ ድምፅ ለይተው ያውቋታል። ይህን ድምፅ ለማሰማት ማፍያ የሚሠራ፥ እሳቱን የሚያነድ፥ የውሃውን ልክ የሚጠብቅ፥ ዳገትና ቍልቍለቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ እንጂ በመጽሐፍ ብቻ አይተላለፍም። ማላርድ፥ ያች በፍጥነት የበለጠቻት፥ በዮርክ ቤተ መዘክር ጸጥ ብላ ቆማ ትታያለች፤ መልኳ አልጠፋም። ፍላይንግ ስኮትስማን ግን በሐዲድ ላይ ስለ ሄደች ከመልኳ ጋራ የሠራተኞቹ ጥበብ አብሮ ተጠብቋል። የቆመ ነገር ቅርጹን ይጠብቃል፤ የሚሠራ ነገር ግን ሙያን ይጠብቃል። እርግጥ ነው፥ የሚሠራ ነገር ያልቃል፥ ያስከፍላልም፤ ፔግለር የከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2016 ከሎንዶን ወደ ዮርክ እንደ ገና በወጣች ጊዜ፥ ሕዝቡ ከብዛቱ የተነሣ እስከ ሐዲዱ ድረስ ገብቶ ባቡሩን አስቆመው። በ1928 ከሎንዶን እስከ ኤድንቡርግ ያለ ማቋረጥ የሮጠችውን መኪና በሽምግልናዋ ያስቆማት ድካም ወይም የውሃ ማለቅ አይደለም፤ የወዳጆቿ ብዛት ነው። በ2023ም መቶኛ ዓመቷ ተከበረ። በዌምብሊ ያያት ያ የ4 ዓመት ልጅ በ2012 ዐረፈ፤ ሀብቱ ሲጠፋ እርሷ ግን ተረፈች፤ ከእርሱ በኋላ የተወለዱ ሕፃናትም በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ጭሷን አዩ።