«የማን ልጅ ነሽ?» ላይቭ ላይ ሲጠየቅ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ተማሪያችን ደስ ብሏት እየሮጠች ክፍል ገባች። «ቲቸር፣ ትናንት ማታ ላይቭ ላይ በአማርኛ አወራሁ!» አለችን። ላይቩን የከፈተው ሰው «የማን ልጅ ነሽ? የት ነው የምትማሪው? ቤተ ክርስቲያንስ የት ነው የምትሄዱት?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም እንዳስተማርናት «እርስዎ» እያለች አንዱንም ሳትዘል መልሳለች። እውነቱን እንናገር፤ መጀመሪያ ያልናት «ጎበዝ!» ነው። ነገሩ የከነከነን ልጆቹ ወጥተው ወንበር ስናስተካክል ነው። «ቤት ውስጥ አማርኛ ስሙ፣ ተናገሩ» ብለን የላክናት እኛው ነን።

ስለዚህ በዚህ ወር የታሪክ ገጻችን አክሱምም ጎንደርም አይሄድም። በቀጥታ ስርጭትና በልጆች ጉዳይ ጣሊያን ከባዱን ትምህርት የቀሰመችው እዚሁ አጠገባችን ነው።

ከሮም ወደ ፍራስካቲ ስትሄዱ ቬርሚቺኖ የምትባል ሰፈር አለች። በፈረንጆቹ ጁን 10 ቀን 1981 ማታ፣ አልፍሬዶ ራምፒ የተባለ የ6 ዓመት ልጅ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ «አልፍሬዲኖ» ነው የሚሉት። የጉድጓዱ አፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 80 ሜትር ነበር። ራይ ቴሌቪዥን ካሜራውን ይዞ ደረሰ። ልጁ አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እየተባለ ስርጭቱ ለ18 ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ ወደ 21 ሚሊዮን ሰውም አየው። ማይክሮፎን ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ስለነበር የልጁ ድምፅ ሳይቀር በየሳሎኑ ተሰማ። ፕሬዚዳንቱ ሳንድሮ ፔርቲኒ ራሳቸው መጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ቆሙ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቦታውን ከቦ ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ መተላለፊያ አሳጣቸው፤ የሚበላና የሚጠጣ የሚሸጡም ነበሩ። አንጄሎ ሊኬሪ የተባለ ቀጭን ፈቃደኛ ሰው ተዘቅዝቆ ወርዶ ልጁን በእጁ እስከ መንካት ደረሰ፤ ማውጣት ግን አልቻለም። ጁን 13 ጠዋት የልጁ መሞት ተነገረ።

በዚያ ዘመን ከሀገር ወጥተው በሮም ሰዎች ቤት ይሠሩ የነበሩ ሴቶቻችን ጥቂት አልነበሩም። ዕድሜያቸው የገፋ እትዬዎች ካሏችሁ ጠይቋቸው፤ ያን ቴሌቪዥን ያልረሱ ታገኛላችሁ።

ከአደጋው በኋላ ስለ ነፍስ አድን ሥራው ብዙ ተባለ፤ የሲቪል ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ታሪክም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ሌላው ጥያቄ ነው፦ የልጅ ነገር ምን ያህሉ ለሕዝብ ይታያል? በኦክቶበር 1990 የጋዜጠኞች ማኅበራት ከቴሌፎኖ አዙሮ ጋር ሆነው «ካርታ ዲ ትሬቪዞ» የሚባለውን ሰነድ ፈረሙ። በወንጀል ዜና ውስጥ የገባ ልጅ ማንነቱ እንዳይታወቅ ስሙ አይጻፍም ይላል። በስሙም አያበቃም። የወላጆቹን ማንነት፣ የቤቱን አድራሻ፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሚሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ከሚደበቁት ውስጥ ይቆጥራቸዋል።

ይህን ዝርዝር ተማሪያችን ከተጠየቀችው ጋር አስተያዩት። ጋዜጠኛ እንዳይጽፈው የተከለከለውን ልጅቷ በራሷ አፍ፣ በጥሩ አማርኛ ተናገረችው።

በ1981 ቀጥታ ስርጭት ማለት መኪና ሙሉ መሣሪያ፣ ባለሙያና አለቃ ማለት ነበር። አለቃው «ይብቃ፣ ዝጉት» ማለት ይችል ነበር፤ ባይልም። በ2015 ፔሪስኮፕ መጣ፤ በ2016 ፌስቡክና ኢንስታግራም ተከተሉ። ካሜራ ያዡም፣ ተናጋሪውም፣ አለቃውም አንድ የ11 ዓመት ልጅ ሊሆን ቻለ።

ከዚያ 2021 መጣ። በጃንዋሪ ወር ፓሌርሞ ውስጥ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ሞተች፤ ሞቷም ከቲክቶክ «ፈተና» ጋር ተያይዞ ተነገረ። ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ፒያሳ ቬኔዚያ የሆነው ጋራንቴ፣ ማለትም የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን ቲክቶክ ዕድሜያቸው ያልተረጋገጠ ተጠቃሚዎችን መረጃ እንዳይጠቀም አገደ። ከፌብሩዋሪ 9 ጀምሮ በጣሊያን ያለ ተጠቃሚ ሁሉ የልደት ቀኑን እንደገና እንዲያስገባ ተደረገ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጠየቀ፤ ከ500 ሺህ በላይ አካውንትም ተዘጋ። ከነዚህ ወደ 400 ሺህ የሚሆኑት ከ13 ዓመት በታች መሆናቸውን ሲጠየቁ ራሳቸው የተናገሩ ናቸው። እኛን ያስገረመን ይሄ ነው፤ ልጆቹ ሲጠየቁ እውነቱን ይመልሳሉ። ማንም ሲጠይቃቸው።

በ2022 መጨረሻ ቲክቶክ ላይቭ ለመክፈት የሚያስፈልገውን ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ከፍ አደረገ። ዩቲዩብም በ2025 ዝቅተኛውን ዕድሜ 16 አደረገው። ጥሩ ነው። ግን ስልኩ የእማዬ ከሆነ፣ አካውንቱም የእማዬ ከሆነ፣ አፑ የሚያውቀው አንዲት የ38 ዓመት ሴት መሆኗን ብቻ ነው።

የኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ልጅ በታላቅ ሰው ሲጠየቅ ዝም ማለት ነውር ነው ብለን ነው ያሳደግናቸው። «የማን ልጅ ነሽ?» ለቅሶ ቤት ወይም ሰርግ ላይ ሲጠየቅ ዘመድ ማፈላለጊያ ነው፤ ጠያቂውም ፊት ለፊት ቆሟል። ላይቭ ላይ ግን አድራሻ መጠየቂያ ሊሆን ይችላል። ስጦታውም እንዲሁ። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ለምደን፣ ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉ ሲባልና ጽጌረዳው አንበሳው ሲወርድ ሰርግ ይመስለናል። ልጅ ግን የማያውቁት ሰው ስጦታ ሲልክ ምን ሊጠይቅ እንደሚችል አይገባውም። «በአማርኛ ስለሆነ ችግር የለውም» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኛም ብለነዋል። ቋንቋው የኛ መሆኑ ሰውዬውን የምናውቀው ሰው አያደርገውም።

በክፍል አንድ ነገር ጀምረናል። «እናቴን ይጠይቋት» የሚለውን መልስ በ«እርስዎ» እያለማመድናቸው ነው፤ አክብሮቱ አለ፣ መረጃው የለም። ትንንሾቹ በጣም ወደውታል፤ አሁን እኛንም የቤት ሥራ ስንጠይቅ ይሉናል።

ችግር ከገጠማችሁ 114 እና የቴሌፎኖ አዙሮ 19696 ቀንም ሌሊትም ይሠራሉ፤ ለፖሊስ ደግሞ ፖሊሲያ ፖስታሌ አለ። ልጅን የሚሳደብ ወይም የሚያዋርድ ቪዲዮ ከተለቀቀ፣ በ2017 በወጣው 71ኛው ሕግ መሠረት ወላጅ፣ 14 ዓመት የሞላው ልጅም ራሱ፣ እንዲነሳ መጠየቅ ይችላል። አፑ በ48 ሰዓት ውስጥ ካላነሳው ጉዳዩ ወደ ጋራንቴ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ቆዩልን። የናንተንም የልጆቹንም ስልክ አምጡ፤ የልደት ቀኑን፣ ማን መጻፍ እንደሚችል፣ ላይቭ ክፍት መሆን አለመሆኑን አብረን እናያለን። ሻይ አለ።