የአዳሪ ቤት ልጆች፤ ከአምቦ እስከ ዊንጌት

ስለ ዘመናዊ ትምህርት ታሪካችን ስናወራ የምናወራው ባብዛኛው ስለ ነገሥታቱ ነው። ምኒልክ በ1908 ት/ቤት ከፈቱ፣ ራስ ተፈሪ በ1925 ሌላ ጨመሩ፣ ወዘተ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ውስጥ ስላደገው ልጅ ግን ብዙም አንጠይቅም። ከእነማን ጋር አደረ? ማንስ አስተማረው? ሲወጣስ ምን ሆኖ ወጣ?

እስቲ አንድ ልጅ እንከተል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1936 አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል መንደር ተወለደ። የአባቱ ወገን ኦሮሞ፣ የእናቱ ወገን አማራ ነው። ግዕዙን ከቤተ ክህነት፣ ፊደሉን ከአምቦው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ት/ቤት ቀሰመ። በ13 ዓመቱ ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስ የጻፈው ተውኔት እዚያው ት/ቤት ሲታይ ንጉሠ ነገሥቱ ከተመልካቾቹ መካከል ነበሩ። ልብ በሉ፤ ተውኔት ብቻውን አይሠራም። የሚተውኑ ጓደኞችና «ይሁን» የሚል መምህር ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላስ? ያኔ ከጌዶም ይምጣ ከአምቦ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፈለገ የገጠር ልጅ የጊንጪንና የሆለታን መንገድ ይዞ አዲስ አበባ መግባት ነበረበት። ጸጋዬም ጄኔራል ዊንጌት ገባ፤ ትምህርቱን ያጠናቀቀው ግን በንግድ ሥራ ት/ቤት ነው። በ1946 በእንግሊዞች ድጋፍ የተከፈተው ዊንጌት የወንዶች አዳሪ ት/ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተለቀሙ ልጆች አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ አንድ ገበታ ይቀርባሉ፣ በእንግሊዝኛ ይማራሉ።

በተፈሪ መኮንን ደግሞ ከ1945 ጀምሮ ያስተማሩት ካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ነበሩ። ካህናት ቢሆኑም የመጡት ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው፣ እንደ ምዕመን ለብሰው ነው። ዋናው ሰው ሉሲየን ማት በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን እንዲያቋቁሙ የተመረጡት ከዚያው ት/ቤት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በነጻ አልተገኘም። ልጁ ከእናቱ ጓዳ፣ ከቋንቋውና ከእርሻው ተነጥሎ ነው የተማረው። እህቱማ ከነጭራሹ ደጃፉንም አትረግጥም፤ የእቴጌ መነን የሴቶች ት/ቤት የተከፈተው በ1931፣ ማለትም ከምኒልክ ት/ቤት 23 ዓመት ዘግይቶ ነው።

መንግሥት ከእነዚህ ቤቶች የፈለገው ታማኝ ሹም ነበር። ያገኘው ግን ጠያቂ ነው። በ1965 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከአድዋ የመጣው መለስ ዜናዊ በ1972 ከዊንጌት ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ በረሃ ወረደ።

ለምን? ለእኔ የሚመስለኝ መልሱ ከመጽሐፉ ይልቅ ከመኝታ ክፍሉ ነው የሚገኘው። የባላባት ልጅና የጭሰኛ ልጅ ጎን ለጎን ሲተኙ መጠያየቃቸው አይቀርም። «አባትህ እህሉን ለማን ነው የሚገብረው?» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ላይ አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። አንበሳውን ያሰረው ድር የተፈተለው ግን በራሱ በአንበሳው ወጪ መሆኑ ነው የሚገርመው።

መምህራኑስ? እነሱም ያላሰቡት ነገር ሆኗል። እንግሊዝኛ የተጫነበት የአምቦው ልጅ አድጎ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን በአማርኛ አናገራቸው። በ2006 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያርፍ ከአገሩ ርቆ ነበር፤ የተቀበረው ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችን የተማርነው ሰፈራችን ውስጥ፣ ከሚመስሉን ልጆች ጋር ነው። ከእናት ቤት ሳይነጠሉ መማር ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይንቀውም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የጌዶው ልጅና የአድዋው ልጅ ሳይጣሉ በፊት የሚተዋወቁት የት ነው?