የሰያፊው ሞክሼ

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ በፈረንሳይ ዘመን አልጀርስ ስለነበረ ሰው ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ። ስሙ ፈርናንድ ሜይሶኒዬ ይባላል። የአንጥረኛ ልጅ መዶሻ ጨብጦ እንደሚያድግ፣ እሱም የአባቱን ሙያ ያዘ። አባቱ ሞሪስ መጠጥ ቤት ነበረው፤ ሌላው ሥራው ሰያፊነት ነው። ሰያፊ ስላችሁ ሰይፍ የታጠቀ እንዳይመስላችሁ፤ መሣሪያው ጊሎቲን ነው።

ልጁ በ1947 ከአባቱ ጎን ሲቆም ገና 16 ዓመቱ ነበር። ቆይቶ የደረሰው ቦታ ከመሣሪያው ፊት ለፊት ነው። ሟቹ በሆዱ ይጋደማል፣ አንገቱ በእንጨቱ ቀዳዳ ይገባል፤ ፈርናንድ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ይስባል፣ ሰውየው አንገቱን እንዳይሰበስብ። ወደ 40 ኪሎ የሚመዝነው ስለት ከነክብደቱ ይወርዳል። ጭንቅላቱ እጁ ላይ ይቀራል። ይህን ረዳት በሙያው ቋንቋ ምን ይሉታል መሰላችሁ? ፎቶግራፍ አንሺ!

የአልጄሪያ የነፃነት ጦርነት መጣ። ሰኔ 19 ቀን 1956 ባርባሩስ እስር ቤት ውስጥ የነፃነት ታጋዩ አህመድ ዛባና አንገቱ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ስለቱ ሥራ አልፈታም። ሰው በሚገደልበት ንጋት እስረኞቹ በየክፍላቸው ይጮሃሉ፣ ከታች ከካዝባ ሰፈር ሴቶች እልል ይላሉ። እኛ ዘንድ እልልታ ለሠርግና ለታቦት ነው፤ እዚያ ግን ሰው መሸኛ ሆነ።

የካቲት 11 ቀን 1957 የፈርናንድ ሞክሼ ተራ ደረሰ፦ ፈርናንድ ኢቭቶን፣ የጋዝ ፋብሪካ ሠራተኛ። ቦምብ አስቀምጧል፤ ቦምቡ አልፈነዳም፣ የሞተም ሰው የለም። ሆኖም ሞት ተፈረደበት። አባትና ልጅ በንጋት ሥራቸውን ሠሩ።

ሜይሶኒዬ ወደ 200 ሰው በመግደል ተካፍሎ በ1961 ወደ ታሂቲ ሄደ። በኋላ ፈረንሳይ ገብቶ የቅጣት መሣሪያዎች ሙዚየም ከፈተ፣ ትዝታውን አሳተመ፣ በ2008 ሞተ። ልራራለት አልቻልኩም፤ እሱን ብቻ መርገምም አይሆንልኝም። ስለቱን የሚለቅ ሌላ፣ ይለቀቅ የሚል ሌላ ነው።

ኢቭቶን ምሕረት ሲለምን፣ አይገባውም ካሉት አንዱ የጊዜው የፍትሕ ሚኒስትር ፍራንስዋ ሚተራን ነበር። በ1981 ፕሬዚዳንት ሆኖ የሞት ቅጣትን ከፈረንሳይ ሕግ ያስወጣውም ያው ሚተራን ነው።