የግቢ አበባ ምርጫ በአዲስ አበባ፤ ከእንሶስላ እስከ ቡጋንቪላ

ሰው በግቢው የሚተክለውን አበባ ሲመርጥ ዓይኑን ብቻ የተከተለ ይመስለዋል። ነገር ግን የአትክልት ቦታ የዘመኑን ኑሮ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአዲስ አበባ ሰው የግቢውን ተክል በምን መመዘኛ ይመርጥ እንደነበረና መመዘኛው እንዴት እንደ ተለወጠ ለመመርመር ይሞክራል።

በቀድሞው የደጋ ጓሮ ተክል የሚመረጠው በመዓዛው፥ በመድኃኒትነቱና ለሙያ በሚሰጠው ጥቅም ነበር። ጤና አዳም ለቡናና ለሆድ ሕመም፥ በሶብላ ለበርበሬ፥ አሪቲ ለመዓዛው ይተከል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው እንሶስላ ነው። አበባው ነጭና ያማረ ሆኖ ሳለ የሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ሴቶች ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን ይሞቁታል። እንግዲህ በጓሮው ቀለም አልጠፋም፤ የሚታየው ግን በተክሉ ላይ ሳይሆን በእመቤቲቱ እጅ ላይ ነበር።

ለዓይን የሚደምቀው አበባ የሜዳ ነበር። አደይ አበባ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ያለብሳል፤ የሚዘራው ሰው ግን የለም። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛ የጽጌረዳ ዘር፥ ቀጋ፥ እርሱም ማንም ሳይንከባከበው በየቁጥቋጦው ይገኛል።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ ስሟን ከአበባ አገኘች፤ ያወጡትም እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ከተማዋ እየሰፋች ከባሕር ማዶ ጋር ያላት ግንኙነት ሲበዛ የእንግዳ አገር አበባም ገባ፤ ጄራኒየም ከደቡብ አፍሪካ፥ ዳሊያ ከሜክሲኮ ደጋ፥ ጃካራንዳና ቡጋንቪላ ከደቡብ አሜሪካ የተገኙ ናቸው። ዳሊያ ከሜክሲኮ ወደ ማድሪድ የተላከው በ1789 እ.ኤ.አ. ነው። ቡጋንቪላም ስሙን የወረሰው ከ1766 እስከ 1769 እ.ኤ.አ. ዓለምን ከዞረው ከፈረንሳዊው መርከበኛ ከቡጋንቪል ሲሆን፥ ተክሉን በብራዚል የሰበሰበው አብሮት የተጓዘው የዕፀዋት ሊቅ ኮሜርሶን ነው።

ቡጋንቪላ በየአጥሩ ሊነግሥ የቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው። አደይ አበባ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል፤ በጋው ግን ረጅም ነው። ቡጋንቪላ ሥር ከሰደደ ድርቅን ይችላል፤ ፀሐይም ያደምቀዋል። ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚታየው አበባው ሳይሆን አበባውን የከበበው ቅጠል ስለሆነ ቶሎ አይጠወልግም፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነው። ደግሞም ከጎረቤት በተቆረጠ ቅርንጫፍ ስለሚራባ ገንዘብ አያስወጣም።

ከዚህ የምንረዳው መመዘኛው ከጥቅም ወደ መልክ መዛወሩን ነው። መልክን መውደድ አይነቀፍም፤ ጉዳቱ ከአሮጌው ተክል ጋር ዕውቀቱም አብሮ መሄዱ ነው። የእንሶስላ ሥር መቼ እንደሚቆፈር፥ እንዴት እንደሚወቀጥና ስንት ሌሊት እንደሚሞቅ የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው፤ የጻፉትም ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ አጥሩን ቡጋንቪላ ቢያስጌጠውም ለእንሶስላና ለቀጋ አንድ መደብ ማስቀረት ይገባል። ተማሪም በዕረፍቱ ወደ አገሩ ሲመለስ የእናቱን ጓሮ ተክል በስሙና በጥቅሙ ቢመዘግብ፥ ለታሪክ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።