ርስትና ይዞታ፦ የውጭ አገር ሰው በድሬዳዋ ምድር

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ዋሂል ማሽላ የሚዘራበት የገበሬ አገር ነው። በዚያ የሚያርሰው ሰው መሬቱን ለመሸጥ ቢፈልግ ሕግ ሽያጩን አያጸናለትም። በከተማው ውስጥ ደግሞ ባቡር ይዞት የመጣው የውጭ አገር ሰው ቤት ሲሠራ፣ ሲያከራይና ሲነግድ ብዙ ዘመን አሳልፏል። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ ሁለቱንም የሚመለከተው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም ባለመሬቱ ማን ነው የሚለው ነው።

በጥንቱ ሥርዐት ርስት የሚገኘው በትውልድ ስለሆነ፣ በአገሩ አባት የሌለው እንግዳ ባለርስት ሊሆን አይችልም ነበር። ለእንግዳው የቀረለት መንገድ የንጉሥ ስጦታ ወይም ውል ነው። በሐረርጌ ነገሩ ከዚህ የተለየ መልክ ያዘ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በብዙ ስፍራ ቀላድ ተጣለ፤ መሬት ለወታደርና ለሹም ተደለደለ፤ አራሹም ገባር ሆነ። እንግዲህ የውጭ አገር ሰው ከመድረሱ አስቀድሞ የመንግሥት እጅ በመሬቱ ላይ አርፎ ነበር ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቀዱ። የተፈቀደውም ለ99 ዓመት ነበር። ይህ ቍጥር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የተሰጠው ርስት ሳይሆን ዘመን ነውና። ሦስት ትውልድ አልፎ የሚያበቃ ውል ግን በአጠገቡ ለሚኖር ገበሬ ከርስት በምን ይለያል? ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚያስከትል በ1895 ዓ.ም. ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ስፍራውም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ የነበረችው ጄልዴሳ ቀዘቀዘች። ከደቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ ከዚራና መጋላ ቆሙ፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱና ጣሊያኑ ሱቅና መኖሪያ ሠሩ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋራ የተፈረመው፣ በክሎቡኮውስኪ ስም የሚጠራው ውል ደግሞ ለፈረንሳይ ዜጋ በዳኝነት ላይ የቈንሲሉን እጅ አስገባለት። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋራ የሚከራከር ያገሬው ሰው የሚገጥመው ባለጋራውን ብቻ አልነበረም።

ነገሩን በግልጽ የደነገገው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቍጥር 390 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልተፈቀደለት በቀር የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ተጻፈ። በቅን ልቡና ይዞ የተገኘ በ6 ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ ያስተላልፍ ዘንድ ይታዘዛል፤ ይህን ካላደረገ ንብረቱ ተይዞ ይሸጣል፤ ከዋጋውም ከመቶ 20 ይቀነስበታል። ሕግ አውጪው የባለቤትነትን ስም ትቶ በረጅም ውል የሚገባውን ሰው እንኳ አልዘነጋም፤ በቍጥር 393 ለ50 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ይዞታ እንደ ባለቤትነት እንዲቈጠር ወሰነ። ከድንጋጌዎቹ ሁሉ ይህ እጅግ የታሰበበት ይመስላል። ይሁንና ንጉሡ ራሳቸው የሚሰጡትን አይከለክልም፤ ከሕጉ አስቀድሞም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ 200 ሄክታር ያህል መሬት በሻሸመኔ ከውጭ ለሚመለሱ ጥቁር ሕዝቦች ሰጥተው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬት በየካቲት፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ በአዋጅ ወደ መንግሥት ተዛወረ። ባለርስቱና ባለፎቁ እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ሲል አጸናው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያዊም ባለመሬት አይደለም፤ ባለይዞታ ነው። የውጭ ዜጋውም ጥያቄ በዚህ ተለወጠ፤ ከአፈሩ ይልቅ በላዩ ያለውን ቤትና የሚቈይበትን ዘመን ይመለከት ጀመር። የ1994ቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ የፍትሐ ብሔሩ ክልከላ ቢኖርም የውጭ ባለሀብት መኖሪያ ቤትና ለሥራው የሚያሻው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆን ፈቀደ። በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ ካሩቱሪ የተባለ የሕንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር በዓመት ለአንድ ሄክታር 20 ብር ሊከፍል ተዋዋለ፤ ዘመኑም 50 ዓመት ነበር። በ1952ቱ ሕግ ሚዛን ቢመዘን ይህ ባለቤትነት በተባለ ነበር። ውሉ ግን በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቢያንስ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ለሚያወጣ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት በር ከፈተ። መሬቱ ግን እንደ ቀድሞው የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ድሬዳዋም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነጻ የንግድ ቀጠና አላት፤ ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው ወደ ገጠሩ ነውና ጕዳዩ ዋሂልን ለመሰሉ ቀበሌዎች ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ፣ ምትክ መሬትም ያላገኘ ገበሬ የሚከፈለው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢው በ15 ተባዝቶ ነው። እንግዲህ በአንዱ ወገን ዋጋው የሚቈረጠው በዶላር ሲሆን፣ በሌላው ወገን የሚቈረጠው ማሽላው እጅግ ባማረበት ዓመት ነው።